መንግሥት ከሌለ ወሰን የገፋውን ማን ይዳኘዋል?

መደብና መንግሥት ስለሌለበት ኮሚኒዝም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቴን እስኪያደርቀው ድረስ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ካድሬ አይደለሁም። በደርግ ጊዜ ውይይት ክበብ ላይ እያንቀላፋሁ የሰማሁት አለ፣ የቀረውን በኋላ በገዛ ፈቃዴ ያነበብኩት ነው።

ጥያቄ፦ ደርግን አይተነዋል እኮ። ሌላ ምን ቀረ?

መልስ፦ ደርግ ራሱ ኮሚኒዝም ላይ ደርሻለሁ ብሎ አያውቅም፤ ሶሻሊዝም እየገነባሁ ነው ነበር የሚለው። በነማርክስ አሳብ መሬቱም ፋብሪካውም የጋራ ሲሆን፣ ባለሀብትና ተቀጣሪ ሲቀር፣ አንዱ መደብ ሌላውን የሚረግጥበት መሣሪያ ማለትም መንግሥት ሥራ ይፈታል። የማርክስ የትግል ጓዱ ኤንግልስ ቀስ እያለ ይከስማል ነው ያለው። የኛው ግን መቼ ከሰመ? የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ታወጀ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ግን የእህል ኮታ መጣ፣ ሰፈራ መጣ፣ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። መንግሥት ጓዳ ድረስ ገባ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎረቤቴ ወሰኔን ቢገፋ ማን ይዳኘኛል ታዲያ?

መልስ፦ አሁንስ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ማን ነው? ሽማግሌ ጋ አይደል? ግን ሽማግሌ ብቻ ብዬ አላልፍህም፣ ጓሳን ልንገርህ። መንዝ ላይ ያለውን ሣር ታውቀዋለህ፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ጌሳ ይሠራበታል። ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ቀሮ የሚባል የባላገሩ የራሱ ሥርዓት ነው። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይከለከላል፣ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሾልኮ ያጨደ ይቀጣል። ፖሊስ የለም፣ ሕግ ግን አለ። መንግሥት አይኑር የሚሉትም ሕግ አይኑር ማለታቸው አይደለም።

ግን ተጠንቀቅ፤ ጓሳ አፅመ ርስት ነው። መብቱ የመሬቱ የመጀመሪያ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ለሚል ነበር፣ ሌላው ከዳር ሆኖ ያያል። የ1967ቱ አዋጅ ርስትን ሲሽር ለሁሉም እኩል ሆነ ተባለ፣ ጠባቂው አብሮ ቀረ፣ ሣሩም ተጋጠ። በኋላ ነው ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ያነሳው። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ቀሮ ያለ መንግሥት ሠራ፣ ግን እኩልነት አልነበረውም። አዋጁ እኩልነት አመጣ፣ ግን ያለ መንግሥት መቆም አልቻለም። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ጥያቄ፦ ሰነፉስ? እኔ እየለፋሁ እሱ ሊበላ?

መልስ፦ ማርክስ በ1875 (በፈረንጆቹ) ሁለት ደረጃ ለይቷል። መጀመሪያ እንደ ሥራህ ታገኛለህ፣ ምርት ከተረፈረፈ በኋላ ነው እንደ አቅምህ ሠርተህ እንደ ፍላጎትህ የምትወስደው። ደቦ ላይ ለጠላው ቀድሞ ለአጨዳው የሚዘገየውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሱ ማሳ ሰው ይጠፋል። መንደር ላይ ይሄ ይበቃል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ላይ የሌሊቱን ፈረቃ ማን ይገባል ካልከኝ ግን፣ በተራ ይሆናል፣ ሰዓቱ ያጥራል፣ ማሽን ይተካል ይሉሃል። ግማሹን አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ይኖራል?

መልስ፦ አይኖርም። ስንት ብርድ ልብስ ለማን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል ብሎ የኢኮኖሚ ሊቁ ሉድቪግ ፎን ሚሰስ በ1920 (ይሄም በፈረንጆቹ) የጠየቀው ዛሬም ያጨቃጭቃል። ዋጋ ከሌለ የትኛው ሱፍ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል አይታወቅም ነው ክርክሩ። ኮምፒውተር ይፈታዋል የሚሉ አሉ። እኔ ሲፈታው አላየሁም።

ጥያቄ፦ የመንዝ በጎቼንም ይወስዱብኛል?

መልስ፦ የለበስከው በርኖስ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካውም። የጋራ የሚሆነው ሌላውን ቀጥረህ የምታተርፍበት ንብረት ነው። አንድ ሁለት በግ ለራስህ ችግር የለውም። እረኛ ቀጥረህ ሃምሳ ካሰማራህ ግን ለስብሰባ ትጠራለህ።