ታድሶ የመጣው ጠመንጃ ለምን ዛገ?

ጥያቄ፦ ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴም ለእኔ የተላለፈ፣ ፈቃድ ያለው የቤልጂግ ጠመንጃ አለኝ። ባለፈው ጥር ብረቱ ስለነጣና ሰደፉም ስለተላላጠ ድሬዳዋ ለሚገኝ ባለሙያ ሰጥቼ አሳደስኩት። ሲመለስልኝ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። እዚህ ሐረር ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ከማነጣጠሪያው ሥርና ከቀለበቶቹ ዙሪያ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል፤ ጠርጌው ባድር ጠዋት ቀይ ዝገት ሆኖ አገኘዋለሁ። የመቀባበያው ቤት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም አድልቷል፤ ሰደፉም እጅ ላይ ይጣበቃል። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየዳሰስኩ ያደግሁበት የአንበሳ ምልክት ሊጠፋ መቃረቡ ነው። ባለሙያው «አምጣውና እንደገና ፈግፍጌ አጠቁረዋለሁ» ብሎኛል። ልስጠው?
አንባቢ፣ ከጁገል

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ እንደገና እንዲፈገፈግ አይስጡት። ከዘረዘሯቸው ችግሮች መካከል ፈጽሞ የማይመለሰው የምልክቱ መደብዘዝ ነው፤ ያንን ያመጣውም መፈግፈጉ ነው። የቀሩት ይድናሉ።

ነጩ ዱቄት ከማጥቆሪያው ፈሳሽ የቀረ ጨው ነው። የጠመንጃ ብረት በዚህ ዘዴ የሚጠቁረው ቀለም ተቀብቶ ሳይሆን፣ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት በውኃ ተበጥብጠው እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚፈሉበት ገንዳ ውስጥ ተነክሮ የላይኛው ገጽታው ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ሲለወጥ ነው። ይህ ፈሳሽ በማነጣጠሪያው ሥርና በብሎን ጥርሶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሁሉ ይገባል፤ ብረቱ ከገንዳው ከወጣ በኋላ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ካልተቀቀለ እዚያው ይቀራል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ፣ በዚያ ሞቃትና ደረቅ አየር፣ ጨው ደርቆ ሊደበቅ ይችላል። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሐረር የነሐሴ ዝናብ ሲጥልባት ግን ጨው ረጥቦ ከተደበቀበት ይወጣል፤ የወጣበትንም ቦታ ያዝገዋል። እርስዎ በየማለዳው የሚጠርጉት ውጤቱን ነው፤ መነሻው ከሥር እንዳለ ነው።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅድሚያ ጥይት አለመኖሩን፣ የጥይት ቤቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም በመዳሰስ ያረጋግጡ። ከዚያ እንጨቱ ከብረቱ ተለይቶ፣ ቀለበቶቹም ወልቀው፣ ብረቱ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀል፤ ውኃው ተለውጦም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። ከውኃው ሲወጣ ሙቀቱ ራሱ ያደርቀዋል፤ ገና ትኩስ ሳለ የጠመንጃ ዘይት በየክፍተቱ እንዲሰርግ ሆኖ ይቀባ፣ የበርሜሉም ውስጥ አይረሳ። ዝገቱን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ለማስለቀቅ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ አደራ፣ አይሞክሩት፤ አሲድ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ገጽታ ይዞት ይሄዳል።

ወይን ጠጁ ቀለም የሚያሳስብ አይደለም። የመቀባበያው ቤት ገጽታ ከበርሜሉ ይበልጥ እንዲጠነክር ተደርጎ ስለተሠራ ያንኑ ገንዳ በሌላ መልክ ሊቀበል ይችላል፤ የገንዳው ሙቀት ዝቅ ማለትም ያንኑ ያመጣል። ሰደፉ የሚጣበቀው የተልባ ዘይቱ የፊተኛው ሳይደርቅ በላዩ ላይ በወፍራሙ ስለተደረበ ይመስለኛል። ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ በሚሉት ፈሳሽ በራሰ ሻካራ ጨርቅ ትርፉን አንስተው ለጥቂት ቀናት አየር ያስመቱት።

አሁን ወደ አንበሳው ልመለስ። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጂየም ተገዝተው ከመጡት ሞዘር የተባሉ ጠመንጃዎች መካከል የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ይገኛሉ፤ የእርስዎም ከእነዚያ አንዱ ከሆነ ያ ምልክት ከጠመንጃው ማብረቅረቅ እጅግ የከበረ ነው። የቅርጹ ጥልቀት ከወረቀት ውፍረት ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ፣ የሚሽከረከር መፈግፈጊያ ላይ ጥቂት በቆየ ቁጥር በዙሪያው ያለው ብረት ተበልቶ እርሱን ይስተካከለዋል። የብሎን ቀዳዳዎቹን አፍ ደግሞ ይመልከቱ፤ ጠርዛቸው ስለታም መሆን ሲገባው እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጎድጉዶ ካገኙት ባለሙያው ከሚገባው በላይ ፈግፍጓል ማለት ነው። የጎደለ ብረት አይመለስም። ምልክቱን እንደ አዲስ እቀርጽልሃለሁ የሚል ቢመጣም እሺ አይበሉ፤ አያትዎ የያዙት አንበሳ ቢደበዝዝም ያው እርሱ ነው፤ አዲሱ ግን የሌላ ሰው እጅ ሥራ ይሆናል።

የመለያ ቁጥሩንም ሳይውሉ ሳያድሩ ከፈቃድዎ ጋር ያመሳክሩት፤ ለማንበብ የሚያስቸግር ሆኖ ከሆነ ፈቃዱን ለሰጠዎት የፖሊስ ተቋም ራስዎ ቀድመው ያሳውቁ። የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጥገናንም በፈቃድ የሚከናወን ሥራ ስላደረገው፣ የባለሙያውን ፈቃድ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከባለሙያው የሚጠይቁት እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ ብረቱን በእርስዎ ፊት በንጹሕ ውኃ እንዲቀቅልና ለማጥቆር ከከፈሉት ገንዘብ ተገቢውን እንዲመልስ። በተጨማሪም በመቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር በጠመንጃው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ይዩ፤ ብዙ ጠመንጃ አንድ ላይ በሚፈታበት ቤት የአንዱ ለሌላው ሊገባ ይችላልና። ቁጥሮቹ ከተለያዩ፣ መቀባበያው ከጥይት ቤቱ ጋር በልኩ መግጠሙ በመለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ ጥይት አይጉረስ።