የሲሼልስ ዓሣና የሜርኩሪ ነገር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች በሲሼልስ ውስጥ የሜርኩሪ (የመርዛማው ፈሳሽ ብረት) ብክለት እንዴት እንደሚለካ ባለፈው ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«የወርቅ ማዕድን የሌላት ደሴት ሜርኩሪ ከየት አመጣች?»

ከሰማይ። ቀልዴን አይደለም። የድንጋይ ከሰል ሲነድ፣ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ወርቅ ለመለየት የተጠቀሙበትን ሜርኩሪ በእሳት ሲያተኑት፣ እንፋሎቱ አየር ላይ ለወራት ይንሳፈፋል። አህጉር ተሻግሮ ባሕር ላይ ይወርዳል። እዚያ ረቂቅ ተሕዋስያን ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባለው፣ በአካል ውስጥ ወደሚጠራቀመው መርዛማ ዓይነት ይቀይሩታል። ትንሿን ዓሣ ትልቁ ይበላታል፣ እሱን ደግሞ ሻርክ፤ መርዙም እየተጠራቀመ ይሄዳል።

«የሚለካው ውሃው ነው?»

ውሃው ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ነው። ዋናው ምስክር የዓሣ በላተኛው ጸጉር ነው፤ ከዓሣው የገባው ሜርኩሪ እዚያ ይቀራል። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ የአንዲት አራስ ጸጉር ከሥሩ ተቆርጦ በየሴንቲሜትሩ ሲመረመር የእርግዝናዋን ወራት አንድ በአንድ ይናገራል። (አጭር የተቆረጠች እናት ለተመራማሪ ፈተና ናት።) እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአሜሪካው ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ከሲሼልስ ጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ 779 እናቶችን ከነልጆቻቸው መዘገበ። እናቶቹ በሳምንት 12 ጊዜ ያህል ዓሣ ይበሉ ነበር! በአንድ ግራም ጸጉራቸው በአማካይ 6.8 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘ።

«ልጆቹስ ምን ሆኑ?»

ለዓመታት ተፈተኑ፤ ወጥ የሆነ ጉዳት አልታየም። በሰሜን አትላንቲክ ባሉት በፋሮ ደሴቶች ግን ተመሳሳይ ጥናት የቋንቋ፣ የትኩረትና የማስታወስ ድክመት አሳየ። እዚያ ሜርኩሪው በብዛት የመጣው ከፓይለት ዓሣ ነባሪ ሥጋ ነው፤ እሱም ሌሎች መርዞች አሉበት። በ2008 የፋሮ የጤና ኃላፊዎች ሥጋው ከእንግዲህ አይበላ አሉ። በሲሼልስ በኩል ደግሞ በዓሣው ውስጥ ያለው ጠቃሚ ስብ፣ ኦሜጋ 3፣ ጉዳቱን ሳይክስ አልቀረም ይባላል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። ቱና ልተው?»

እህቴ፣ ዓሣ አትተዪ፤ ዓይነቱን ምረጪ። ስኪፕጃክ የተባለው የጣሳ ቱና አልባኮር ከሚባለው የቱና ዓይነት ያነሰ ሜርኩሪ አለው። ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ይቅሩብሽ። ሐኪምሽንም አማክሪ። ቱና ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሌላ ቀን።

«በደንብ ቢቀቀልስ?»

አይወጣም። ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣብቋል።

«የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ቤቴ ውስጥ ተሰበረ።»

መጥረጊያ አታንሳ፣ ይበታትነዋል። መስኮት ክፈት፣ ልጆቹን አስወጣ፤ ጠብታዎቹን በካርቶን እየገፋህ ሰብስብና ክዳን ባለው ዕቃ ዝጋቸው።