መጽሐፉን ዝጋና ንገረኝ፦ ስለ ንባብ ጥያቄና መልስ

ስለ መጽሐፍ አነባበብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በረከተ፤ አመሰግናለሁ። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ መጽሐፍ ጨርሼ «ስለ ምንድን ነው?» ስባል አፌ ይያያዛል። የማስታወስ ችግር ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ ይህን ሞክር። አንድ ምዕራፍ አንብብና መጽሐፉን ዝጋ። ሳታይ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር በራስህ ቃል ጻፍ። ከዚያ ገልጠህ አመሳክር። የቀረህን ብቻ ድገመው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን በተማሪዎች ፈትሸውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ጽሑፉን ስለለመድነው ብቻ የገባን ይመስለናል።

ጥያቄ፦ እኔ በሃይላይተር ነው የማነበው። ገጹ ቢጫ በቢጫ ይሆናል። ይጠቅማል?

መልስ፦ ብቻውን ብዙም አይጠቅምሽም። እርሳስ ያዢና ካሰመርሽበት ጎን ለምን እንዳሰመርሽ በሁለት ሦስት ቃል ጻፊ። «ማስረጃው የታለ?»፣ «ከምዕራፍ 2 ጋር ይጋጫል»፣ እንዲህ እንዲህ እያልሽ። የምትጽፊው ካጣሽ መስመሩንም ተዪው። የውሰት መጽሐፍ ከሆነ ግን እባክሽ ቁራጭ ወረቀት ተጠቀሚ!

ጥያቄ፦ ልብ ወለድስ? ታሪኩ ይዞኝ ይሄዳል። ምኑን እጠይቃለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ይዞህ ይሂድ፣ አትከልክለው። ሥራው ሁለተኛው ንባብ ላይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ብዙ ሰው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው ብሎ ይዘጋዋል። እስቲ ጉዱ ካሣን ብቻ ተከትለህ አንብበው። አገሬው እንደ እብድ ያየዋል፤ የመኳንንቱን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚተቸው ግን እሱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ሁሉ ትችት ለምን «እብድ» በተባለ ሰው አፍ አስቀመጡት? መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም.፣ በንጉሡ ዘመን መሆኑንም አስብ። ደግሞ በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውበታል። ታዲያ ሁለቱን ፍቅረኞች ያለያያቸው የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ብቻ ነው ወይስ የስለቱም ፍርሃት አለበት? እኔ አልነግርህም። ለሁለቱም ወገን የሚመሰክር ቦታ ከመጽሐፉ ፈልግና ገጹን መዝግብ። ያኔ ይህን መጽሐፍ በእርግጥ አንብበኸዋል።

ጥያቄ፦ ይህ እየጠየቁ ማንበብ የፈረንጅ ነገር አይደለም?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! በአብነት ትምህርት ቤት የትርጓሜ ጉባኤ ላይ መምህሩ የግእዙን ንባብ ይተረጉማሉ፤ ቀጥለው «አንድም» እያሉ ሌላ ፍች፣ ደግሞ ሌላ ፍች ይጨምራሉ። ተማሪውም ሁሉንም ይይዛል። ከባድ አንቀጽ ሲገጥምህ አንተም «አንድም» በል። ሁለተኛ ፍች ሳትፈልግለት አትለፈው።

ጥያቄ፦ ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። ጊዜ ስለሌለኝ ትረካ ነው የማዳምጠው። ይህስ ንባብ ይባላል?

መልስ፦ እንዴት አይባልም እህቴ! ምዕራፉ ሲያልቅ አቁሚውና የሰማሽውን በራስሽ አነጋገር ስልክሽ ላይ ቅጂ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ ከመቀጠልሽ በፊት ያንን ስሚው።

ጥያቄ፦ በዓመት ስንት መጽሐፍ ላንብብ?

መልስ፦ ቁጥሩን ተወው።

ጥያቄ፦ ያልገባኝ ቦታ ላይ ልቁም ወይስ ልለፍ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዙር እለፍ፤ ጎኑ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አድርግ። ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ጥቂት ገጾች ቆይቶ ይመልሰዋል። ካልመለሰው ወደ ምልክትህ ተመለስ። ያኔም እምቢ ካለህ አንቀጹን ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።