መልስ፦ የሥነ ምግብ ክበቡን ከመምህራኑ ይጀምሩ

ሰላም መምህር። ያለ በጀት በትምህርት ቤት የሥነ ምግብ ክበብ እንዴት ይጀመራል ብለው ጠይቀዋል። እኔ ከተማሪዎቹ በፊት መምህራኑን ይሰብስቡ እላለሁ። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለአንድ ከሰዓት ይጋብዟት።

ለልጆቹ ሲያስተምሩ ከ“ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬት” አይጀምሩ። ከቤታቸው ማዕድ ይነሱ። ለምሳሌ ሻይ። ከምሳ ጋር ሻይ ሲጠጣ፣ ሰውነት ከሽሮውና ከምስሩ የሚያገኘው ብረት (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር) ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግ ወይም ቲማቲም በቃሪያ አብሮ ቢበላ ደግሞ ብረቱን በደንብ ያገኛል። ይህ የወር አበባ ለጀመሩ ልጃገረዶች ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እባክዎ ሳያፍሩ ይንገሯቸው። ጨውም አለ። አዮዲን ያለው ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ግቢው ውስጥ ቦታ ካለ ጎመንና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ትከሉ። ስኳር ድንቹ ለቫይታሚን ኤ ግሩም ነው። ልጅ በእጁ የተከለውን ይዞ ሲገባ እናትም ትሰማለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ለክፍሉ እንዲያሳዩ አያድርጉ። ባዶውን ይዞ የመጣ ልጅ ይኖራል።