«አበል የሌለው ወርክሾፕ ምን ይጠቅመኛል?»

ከጅማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። ለሌሎቹ አንባቢዎች ጥያቄሽን አሳጥሬ ላቅርበው። ባለፈው ዓመት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቀሽ አሁን ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነሽ። አዲስ አበባ ላይ ለአራት ቀን በሚሰጥ የዲጂታል ስብስቦች አጠባበቅ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ያሉ ሰነዶችና ፎቶዎች ሳይጠፉና ሳይበላሹ የሚቆዩበትን መንገድ በሚያስተምር የተግባር ወርክሾፕ እንድትሳተፊ ተመርጠሻል። ትራንስፖርቱም ማደሪያውም በራስሽ ነው፣ አበል የለም። ወንድምሽ ደግሞ «በዚያ ብር ፒችትሪ ተማሪ» ይልሻል፤ የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌሩን ማለቱ ነው።

የወንድምሽ ምክር ከንቱ አይደለም። ፒችትሪ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ሞልቷል፤ «የዲጂታል ስብስብ ጥበቃ ባለሙያ» የሚል ግን እኔም እምብዛም አላየሁም። ሥራው ጠፍቶ አይደለም፣ በሌላ ስም ስለሚወጣ ነው፦ የሪከርድና ማህደር ሠራተኛ፣ የመዛግብት ባለሙያ፣ አንዳንዴም እንዲያው «አይቲ»። የዚህ ወር የቤት ኪራይ ከዚያ ብር ላይ የሚከፈል ከሆነ ፒችትሪውን አስቀድሚ። ካልሆነ ግን ወርክሾፑን ሂጂ እላለሁ፣ ምክንያቴንም ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት የድሮ ፋይሎቹን ስካን ለማድረግ ልጆች በኮንትራት ቀጥሮ ነበር። ወራት ፈጀ። ሁሉም አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ተጠራቀመ፤ የፋይሎቹ ስም «ስካን 0001»፣ «ስካን 0002» እያለ ይቀጥላል። «ዲጂታል ሆንን» ተብሎ ኬክ ተቆረሰ፣ ወረቀቱም ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ተጣለ። ከዚያ አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛ ወደቀ። ስንሰካው ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። «ሁለተኛው ኮፒ የት አለ?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ይህን የሚጠይቅ ሰው ነው የሚፈለገው። ጥያቄው ደግሞ በስላይድ አይለመድም፣ እጅ ሲነካው ነው። ለምሳሌ ቼክሰም የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት ሳትሰሚው አትቀሪም፤ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም መለያ ቁጥር ነው። የአንድን ፋይል ቼክሰም አውጥተሽ፣ ፋይሉን ከፍተሽ አንዲት ፊደል ብቻ ለውጠሽ፣ እንደገና ስታወጪው ያ ረጅም ቁጥር ከላይ እስከ ታች ተቀይሮ ታገኚዋለሽ። ከዚያ በኋላ ኮፒ ያደረግሽው ፋይል ሳይበላሽ መድረሱን ሳታረጋግጪ እንቅልፍ አይወስድሽም።

አብሮ የመሥራቱን ጥቅም ያየሁት ግን በሌላ ነገር ነው። በአንድ ስልጠና ላይ ጠረጴዛችን የደረሰው ፍላሽ ውስጥ የነበሩት ሰነዶች ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀባቸው ነበሩ። የአይቲው ልጅ «ኮራፕት ሆኗል» ብሎ ሊተወው ሲል፣ ከጎኑ የነበሩ በጸሐፊነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ እናት መነጽራቸውን አስተካክለው «ይሄ እኮ ቪዥዋል ግዕዝ ነው» አሉ፤ የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ማለታቸው ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቢሮዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ የጻፉት ፎንቱ ከሌለ አይነበብም። ልጁ ፎንቱን ፈልጎ ጫነ፣ ጽሑፉም አማርኛ ሆነ። ሁለቱ ለየብቻ ቢሆኑ ፋይሉ ተጥሎ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለእኛ ሰው የተተወ ሌላም ሥራ አለ። ደብዳቤ ላይ 12/3/1987 የሚል ቀን ታያለሽ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 12፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1994 ማለት ነው። አቆጣጠሩን ሳይጽፍ ያስገባ ሰው ደብዳቤውን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስቀድሞ መመዝገብ፣ ጸሐይንና ፀሐይን ሁለት ቃል አድርጎ መፈለግ፣ እነዚህን ሶፍትዌር ብቻውን አያርማቸውም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ለብዙ ዓመታት የቀጠለው ድካም እነፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እያንዳንዱን መጽሐፍ አንብበው ምንነቱን የመዘገቡበት የካታሎግ ሥራ ነው። ካሜራ መግዛት ይቻላል፣ አንባቢ ግን በዕቃ ግዢ አይገኝም።

«ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ በኋላ ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። የብሪታንያው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኦክቶበር 2023 በሳይበር ጥቃት ሲመታ ካታሎጉ እንኳ ለወራት አልተከፈተም። እነሱ እንዲያ ከሆኑ የእኛን አስቢው።

እንግዲህ የአውቶቡስ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ለአዘጋጆቹ ደውዪ። የምንሠራው በእውነተኛ ስብስብ ነው ወይስ ስላይድ እያየን እንውላለን? ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ አለ ወይ? የራሴን ፋይሎች ይዤ መምጣት እችላለሁ? ለሦስቱም የተድበሰበሰ መልስ ከሰጡሽ ብርሽን ለፒችትሪ አውይው፤ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሰርተፊኬት ይዞ መመለስ ብቻ የሆነ ወርክሾፕ በብዛት አይቻለሁና።

መልሱ ጥሩ ከሆነ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የሰፈራችሁን እድር ዳኛ አስፈቅደሽ የድሮውን መዝገብ ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺ። አባላቱ መዝገቡ ሌላ ሰው እጅ እንዲገባ ካልፈለጉ ተዪው፣ የራስሽን ቤተሰብ ፎቶዎች ያዢ። ስብስቡ መቶ ገጽም ቢሆን ይበቃል። ወርክሾፑ ላይ ፋይሎቹን በሥርዓት ሰይሚ፣ በኤክሴል ዝርዝራቸውን አውጪ፣ ቼክሰም ሥሪላቸው፣ ሦስት ኮፒ አድርገሽ አንዱን ከሌሎቹ ርቆ ሌላ ቤት አስቀምጪ። የፋይል ዓይነት ለመለየት የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያዘጋጀው ድሮይድ የተባለ ሶፍትዌር አለ፣ በነፃ ነው፤ ከመሄድሽ በፊት ጭነሽ ሞክሪው።

ስትመለሺ ሲቪሽ ላይ «በዲጂታል አጠባበቅ ስልጠና ወስጃለሁ» ብለሽ አትለፊው። «የአንድ እድር መዝገብ 100 ገጽ አንሥቼ፣ ዘርዝሬ፣ በሦስት ቦታ አስቀምጬአለሁ» በዪ፣ ዝርዝሩንም አትመሽ አያይዢ። ለቅጥር ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ አመልካች ሲመጣ ጥያቄዬን ሁሉ ከዚያ ወረቀት ላይ ነው የማነሣው፤ ተፈታኙም ሸምድዶ ሳይሆን የሠራውን ይነግረኛል። አብረውሽ የተቀመጡትን ሰዎች ስልክም ያዢ፣ በተለይ መሥሪያ ቤት ያላቸውን። ኮንትራት ሠራተኛ ሲፈለግ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

ለፋርማሲው ባለቤት የአራቱን ቀን ፈቃድ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ የሚተካሽን ሰው ራስሽ ፈልገሽ ብታቀርቢ ይቀላል። ፍላሽም አንድ አይበቃሽም፣ ሁለት ያዢ።