ለፊታችሁ የሚስማማ የድሮ መላጫ ስትፈልጉ

ይድረስ የድሮ የብረት መላጫ ገዝታችሁ ጢማችሁን ራሳችሁ መላጨት ለምትፈልጉ ወጣቶች፤

የድሮ ጂሌት ስታገኙ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በወርቅ ቅቡና በተሠራበት ዓመት ላይ ነው። በፀጉር ሙያ እንዳረጀ ሰው ከሁሉ አስቀድማችሁ የራሳችሁን ጢም እንድትመረምሩ እመክራለሁ። ለሁለት ቀን አትላጩትና በጣታችሁ ዳብሱት፤ በየት በኩል እንደሚለሰልስ፣ በየት በኩል እንደሚከረክር ለዩ። አንገት ላይ ጢም ብዙ ጊዜ ከጉንጭ በተለየ አቅጣጫ ይበቅላል።

የብዙዎቻችን ጢም ጥቅልል ነው። ጥቅልል ጢም ከሥሩ ተጠግቶ ሲቆረጥ፣ እያደገ ሲሄድ ሹል ጫፉ ዞሮ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። አገጭ ሥርና አንገት ላይ የሚወጡት ጠጣር እብጠቶች የሚመጡት በዚህ ነው፤ ብጉር አይደሉም፣ በብጉር ቅባትም አይድኑም። ስለዚህ ለእኛ ጥሩ መላጫ ማለት ጢሙን ድምጥማጡን የሚያጠፋው አይደለም። ትንሽ አስተርፎ፣ ግን በአንድ ጊዜ በንጽሕና የሚቆርጠው ነው።

መላጫዎቹን የሚለያያቸው በምላጩና ቆዳን ከስለቱ በሚጠብቀው የመከላከያ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት፣ እንዲሁም ስለቱ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ነው። ከ1938 ጀምሮ የተሠራው ጂሌት ቴክ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ክፍል ብቻ ያለውና ለዘብተኛ መላጫ ነው፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። በ1947 የወጣው ሱፐር ስፒድ እጀታው ሥር ያለው መዞሪያ ሲዞር ምላጩ የሚቀመጥበት የመላጫው ራስ እንደ በር ይከፈታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት ውስጥ የእጀታው ጫፍ ሰማያዊ የሆነው ለስላሳ፣ ቀይ የሆነው ኃይለኛ ነው። ከ1958 ጀምሮ የተሠራው፣ ሰብሳቢዎች ፋትቦይ የሚሉት፣ ቀጥሎም ስሊም የተባለው፣ ከ1 እስከ 9 በቁጥር ይስተካከላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጂሌቶች፣ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሆኑት፣ ረጅም ጢም በደንብ ያሳልፋሉ፤ እነሱን ግን እጃችሁ እስኪለምድ አቆዩአቸው።

ለስላሳ መላጫም ወጥመድ አለው። ጢማችሁ ወፍራምና ጠንካራ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ አራት አምስት ጊዜ መመላለስ ትጀምራላችሁ፤ ከዚያም መጫን ይመጣል። ቆዳው የሚቆጣው በመላጫው ለስላሳነት ሳይሆን በመመላለሱ ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ከ1 እስከ 9 የሚስተካከለው ካላችሁ ከ3 ጀምሩ። ቁጥሩን ከመቀየራችሁ በፊት የታችኛውን መዞሪያ ጥቂት አላሉት።

ስትገዙ ምላጭ አስገብታችሁ የመላጫውን ራስ ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ ስለቱ በሁለቱም ጎን እኩል ካልወጣ ወይ ምላጩ ተዛንፏል፣ ወይ መላጫው ወድቆ ተጣሟል። ምላጩን መልሳችሁ አስገቡት፤ አሁንም ካልተስተካከለ ተዉት። የብሎኑ ጥርስ ያልተበላ፣ እጀታው በቁመቱ ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ጂኢኤምና ሺክ ኢንጀክተር የተባሉት መላጫዎች የየራሳቸው ምላጭ ስላላቸው፣ ሱቅ ውስጥ የምናገኘውን ባለ ሁለት ስለት ምላጭ አይቀበሉም። በአሜሪካ የተሠራ ጂሌት ከሆነ ከመላጫው ራስ ሥር ፊደልና ቁጥር ፈልጉ፤ ኢ 3 ማለት የ1959 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ነው። ሻጩ ዕድሜውን አጋንኖ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል።

የሌላ ሰው ደም የነካውን ስለታም ነገር አለመጋራትን ከልጅነታችሁ ሰምታችኋል፤ እዚህም ይሠራል። የገባውን አሮጌ ምላጭ ጣሉ። መላጫውን በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዘፍዝፋችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት። አትቀቅሉት፤ ወርቅ ቅቡ ስስ ነው። አልዞር ያለ መዞሪያን በጉጠት አታስገድዱ፤ የደረቀ ሳሙና ስለሆነ የያዘው ደጋግሞ መዘፍዘፍ ያላቅቀዋል።

ስትላጩ ፊታችሁን በለብታ ውሃ አርሱ፣ አረፋው ጢሙ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። መላጫውን ወደ 30 ዲግሪ አዘንብላችሁ በራሱ ክብደት ልቀቁት፤ ቆዳችሁን ወጥራችሁ አትያዙ፣ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ጢም ወደ ውስጥ ይውጠዋልና። በአበቃቀሉ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ሂዱ፤ ካስፈለገ በጎን ድገሙት። ከአበቃቀሉ በተቃራኒ አትሂዱ። ምላጩን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ከተላጫችሁበት በኋላ ቀይሩ። አዲስ መላጫና አዲስ ዓይነት ምላጭ በአንድ ሳምንት አትጀምሩ፤ ቆዳችሁ ቢቆጣ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አትለዩም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እብጠቱ ካልጠፋ፣ ወይም ቁስል ሲድን ጠባሳችሁ የሚያብጥ ከሆነ፣ ምላጭ ተዉና ጢማችሁን በማሽን 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙት። የቆዳ ሐኪምም አማክሩ።