«ክንፉ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፣ ይገነጠል ይሆን?»

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? ድሬዳዋ ባጃጅ ነው የምሰራው። ለእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈርኩ፣ ቦታዬ ደግሞ መስኮት ጋ፣ ክንፉ አጠገብ። ከሰዓት ነበር። ድሬ ልንደርስ ስንል መናጥ ጀመረ፣ የክንፉ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ደንበኛ አለኝ፣ ስነግረው «ፍላተር ነው፣ ክንፍ ይገነጥላል፣ አሁን ግን ኮምፒውተር ይቆጣጠረዋል» ብሎ ጭራሽ አስፈራኝ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋስ?
(ከከዚራ)

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነህና አንተ ልበልህ። ያየኸው ፍላተር አይደለም። ከሰዓት መሬቱ ሲግል የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ አውሮፕላኑ እዚያ ውስጥ ሲገባ ይናጣል፣ ክንፉም ይለመጣል። እንዲለመጥ ተደርጎ ነው የተሰራው። ነፋሱ ሲያልፍ ውዝዋዜውም ራሱ ይበርዳል።

ፍላተር የማይበርደው ነው። የባጃጅህ የጎን ሸራ አንዱ ማሰሪያው ተፈቶብህ ያውቃል? ቀስ ብለህ ስትነዳ ዝም ይላል። ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ባዶ ሆኖልህ ነዳጅ ስትሰጠው ግን፣ ከሆነች ፍጥነት በኋላ ድንገት ጠጠጠጠ ማለት ይጀምራል። የሚመታው ሰው የለም፣ ነፋሱም ወጥ ነው። ሸራው ሲታጠፍ ነፋሱን ያዛባዋል፣ የተዛባው ነፋስ መልሶ ሸራውን ይገፋዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። ፍጥነት ስትቀንስ ወዲያው ይተወዋል።

ክንፍ ደግሞ ሁለት እንቅስቃሴ አለው፤ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይጠመዘዛልም። ለየብቻ ሲሆኑ አየሩ ራሱ ያበርዳቸዋል። ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ግን የሁለቱ ምት ይቀራረብና አብረው መጨፈር ይጀምራሉ፤ ክንፉ ወደ ላይ ሲሄድ የፊት ጠርዙ ቀና ይልና አየሩ ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲወርድ ደግሞ የፊት ጠርዙ ይደፋና ይበልጥ ወደ ታች ይጫነዋል። በየዙሩ ጉልበት ያጎርሰዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰከንዶች ነው።

የድሮው መድኃኒት ክንፉን ማጠንከር ነው። ወይም ከኋላ ጠርዙ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል፣ ኤለሮን የሚሉትን፣ ከማጠፊያው ፊት ለፊት ክብደት ጨምሮ ማመጣጠን። ይሰራል። ግን ኪሎ ነው፣ ኪሎ ደግሞ ነዳጅ ይበላል።

ደንበኛህ ያነሳው አዲሱ ዘዴ ነው። ክንፉ ላይ ያሉ ሴንሰሮች ንዝረቱን ይሰማሉ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ኤለሮኑ ቶሎ ቶሎ እየተንቀሳቀሰ በተቃራኒው ይገፋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለች ልጅን ለማቆም ወደ አንተ ስትመጣ እንደምትይዛት ዓይነት ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ትንሽ ብትዘገይና ልጅቷ መመለስ ስትጀምር ብትነካት፣ ገፋሃት እንጂ አላቆምካትም። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው፣ ዘግይቶ ከረዳ ባይረዳ ይሻል ነበር።

ተሞክሯል ወይ ካልክ፣ አዎ፣ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ቢ-52 ቦምብ ጣይ ላይ ሆን ብለው ክብደት ጨምረው ፍላተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲመጣ አደረጉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍተው ከፍላተር ፍጥነቱ 10 ኖት፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አልፈው በረሩ። ክንፉ ዝም አለ። በሰኔ 1980 ደግሞ ናሳ ሰው በሌለበት አውሮፕላን ላይ ሞከረው። የኮምፒውተሩ የምላሽ ጉልበት በስህተት መሆን ከነበረበት ግማሽ ሆኖ ነበር የተሞላው፤ ፍላተሩ መጣ፣ ክንፉ ተገነጠለ፣ አውሮፕላኑ ወደቀ። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም እኮ! አንድ ቁጥር ናት።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አንተ የምትሳፈርበት አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ሲወርድ እንዲችለው ከተነደፈለት ከፍተኛ ፍጥነት 15 በመቶ በላይ እንኳ ቢሄድ ፍላተር እንደማይነካው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ወደ ድሬ ስትመጣ አብራሪው እዚያ ፍጥነት አጠገብ አይደርስም። ቦይንግ 747-8 ላይ የውጭ ኤለሮኖቹን እያንቀሳቀሰ ንዝረት የሚያበርድ ሲስተም አለ፣ እውነት ነው። እሱ ግን ለአንዲት ትንሽ፣ ከፍ ሳትል ዝም ብላ ለምትቀጥል ንዝረት ነው፣ ክንፍ ለሚገነጥለው አይደለም።

ስለዚህ ሲመችህ እንደገና መስኮት ጋ ቁጭ በል። ልጁን ስታገኘው የ1980ውን ታሪክ ንገረው፣ ደስ ይለዋል። ሂሳቡን ግን እንዳትተውለት።